ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፦ ቃል ለማሰብ ወይስ ለመናገር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የኑሲሱን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጎርጎርዮስን በስሙ ከሚጠራው ቅዳሴና በሃይማኖተ አበው ከሰፈረው ትምህርቱ እናውቀዋለን። ስንክሳርም ጥር 21 ቀን ያስበዋል፤ ዕለቱ የእመቤታችን የዕረፍቷ በዓል በመሆኑ ግን የእርሱ መታሰቢያ በብዙዎቻችን ዘንድ ሳይስተዋል ያልፋል። ስሙ ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ የታላቁ ባስልዮስ ወንድም እየተባለ ነው። እኛም ታሪኩን ስናቀርብ ከወንድሙ ልንለየው አንሻም። ነገር ግን በሕይወቱ ሁሉ ሲከተለው የኖረውን፣ እርሱም ከአበው መካከል በሰፊው የመረመረውን አንድ ጥያቄ ይዘን ልንሄድ ወድደናል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ለሰው ቋንቋ ያስፈለገው ለምንድን ነው? በልቡ እንዲያስብበት ነው ወይስ ያሰበውን ለባልንጀራው እንዲያደርስበት? የዘመናችን የቋንቋ ሊቃውንትና ፈላስፎች ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸው ግን ከትምህርት ቤት አጥር እምብዛም አይወጣም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁኔታው ሌላ ነበር። ወልድ ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ ነው የሚለው እምነታችን፣ ስምና ቃል ምንድን ናቸው ለሚለው ጥያቄ መልስ እስኪሰጥ ድረስ በብርቱ የተፈተነበት ዘመን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ335 ዓ.ም. ገደማ በትንሹ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ሀገር፣ በቀጰዶቅያና በጳንጦስ ርስት ከነበረው ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። አያቱ ማቅሪና በዘመነ ስደት ከባሏ ጋር በጳንጦስ ተራሮች ተሸሽጋ የኖረች፣ የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትንም ትምህርት በቃሏ ይዛ ለልጅ ልጆቿ ያስተላለፈች እናት ነበረች። አባቱ ባስልዮስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር፤ እናቱ ኤሚልያም በምግባሯ የተመሰገነች ነበረች። ከልጆቻቸው መካከል በአያቷ ስም የተጠራችው ታላቂቱ እኅት ማቅሪና፣ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፣ ጎርጎርዮስና የሁሉ ታናሽ የሆነው ጴጥሮስ ዘሰብስጥያ በቅድስና የሚከበሩ ናቸው። በዚያ ቤት ሃይማኖት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በአያት አንደበት ይማሩት የነበረ ነገር ነው።

ባስልዮስ ለትምህርት እስከ ቍስጥንጥንያና እስከ አቴና ተጓዘ። ጎርጎርዮስ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም፤ ከሀገሩ ሳይርቅ፣ ይልቁንም ከወንድሙ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ወንድሙን እንደ አባትና እንደ መምህር ያከብረው ነበር። በወጣትነቱ አናጕንስጢስ ሆኖ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሕዝቡ ያነብ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ይህን አገልግሎት ትቶ የአባቱን ሙያ ያዘ። የንግግር ጥበብ መምህርነት በዚያ ዘመን ክብርም ገንዘብም ያስገኝ ነበር። ተማሪው ትንሹን ነገር ማግነን፣ ትልቁን ማሳነስ፣ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ንግግሮችን አዘጋጅቶ ሁለቱንም ማሳመር ይለማመድ ነበር። ቃል ከልብ ተለይቶ ለገበያ የሚቀርብበት ሙያ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በዚህ አዝኖ፣ ከክርስቲያን ስም ይልቅ የተናጋሪን ስም መምረጡን እየነቀፈ በደብዳቤ ገሠጸው። ጎርጎርዮስም ከጊዜ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተመለሰ። የተማረው ጥበብ ግን ከእርሱ አልተለየም፤ በጽሑፎቹ ሁሉ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሚያስፈልገው በላይ ይታያል።

በ370 ዓ.ም. ባስልዮስ በቂሣርያ መንበር ተሾመ። በዚያ ወቅት የነገሠው ዋሌንስ የአርዮሳውያን ደጋፊ ነበር፤ ቀጰዶቅያንም ለሁለት አውራጃ ስለ ከፈለ የባስልዮስ ሀገረ ስብከት ተቈረሰ። ባስልዮስም በታናናሾቹ ከተሞች በሃይማኖት የጸኑ ሰዎችን ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ መሾም ጀመረ። በ372 ዓ.ም. ገደማ ወንድሙን ሳይወድ በግድ በኑሲስ ላይ ሾመው።

ጎርጎርዮስ ለአስተዳደር የሚመች ሰው አልነበረም፤ ባስልዮስ ራሱ የወንድሙን የዋህነት በደብዳቤዎቹ ይወቅሳል። በተለይ አንድ ነገር አስቈጥቶት ነበር። ባስልዮስ ከአጎታቸው ጋር፣ እርሱም ጎርጎርዮስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ነው፣ ተቃቅሮ ሳለ፣ ወንድሙ ሊያስታርቃቸው ተመኝቶ በአጎታቸው ስም የዕርቅ ደብዳቤ ጽፎ ለባስልዮስ አደረሰ። ባስልዮስም አምኖ ደስ አለው። ቆይቶ ግን አጎታቸው እንዳልጻፈው ታወቀና ነገሩ ወደ ኀፍረት ተለወጠ፤ ጎርጎርዮስም ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ታሪኩን የምናነሣው ቅዱሱን ለማሳነስ አይደለም። የሰላም ቃል በወረቀት ላይ አምሮ ቢሰፍር እንኳ ከሰውየው ልብ ካልወጣ ሁለት ሰዎችን እንደማያገናኝ በራሱ ላይ ደርሶ ያየ ሰው መሆኑን እንድናስታውስ ነው፤ በኋላ ስለ ቃል የጻፈውን ስናነብ ይህ ይታወሰናል።

የዋህነቱ ለአርዮሳውያን መንገድ ከፈተላቸው። የጳንጦስ ገዥ የነበረው ዴሞስቴንስ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ አባክኗል፣ ሹመቱም ሥርዓት የጎደለው ነው የሚል ክስ ተቀብሎ እንዲያዝ አዘዘ። ጎርጎርዮስ በመንገድ ታሞ ከወታደሮቹ እጅ አመለጠ። በ376 ዓ.ም. የአርዮሳውያን ጉባኤ በሌለበት ሻረው፤ እርሱም በስደት ተንከራተተ። በ378 ዓ.ም. ዋሌንስ በጦርነት ሲሞት ስደተኞቹ ተመለሱ። ጎርጎርዮስ ወደ ከተማው የተመለሰበትን ቀን ለወዳጁ ሲጽፍ ዝናብ መዝነቡን፣ ሕዝቡ ከየቤቱ መውጣቱን፣ ሰዎች ከደስታቸው የተነሣ ማልቀሳቸውን፣ ደናግሉም መብራት ይዘው መቀበላቸውን ይተርካል። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ያደረገለት ንግግር የለም፤ ዕንባውና መብራቱ በቂ ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። በ379 ዓ.ም. መጀመሪያ ባስልዮስ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ወር ገደማ ጎርጎርዮስ በአንጾኪያ በተደረገ ጉባኤ ተገኝቶ ሲመለስ፣ ስምንት ዓመት ያህል ያላያትን እኅቱን ማቅሪናን ሊጎበኝ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ገዳሟ ጎራ አለ። በጠና ታማ፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ተኝታ አገኛት። ስለ ባስልዮስ ሞት አንሥቶ ሲያዝን፣ እርሷ በትኩሳት እየነደደች ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ አስተማረችው። ይህን ንግግራቸውን መሠረት አድርጎ በኋላ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ በዚያም መጽሐፍ እኅቱን መምህርት እያለ ይጠራታል።

በማግሥቱ፣ ቀኑ ሲመሽ ሆነ። የማቅሪና ድምፅ እየደከመ ሄደ። በጸሎቷ መጀመሪያ ቃሏ ይሰማ ነበር፤ ቀጥሎ የሚታየው የከንፈሯ እንቅስቃሴና የእጆቿ መዘርጋት ብቻ ሆነ። መብራት ወደ ክፍሉ ሲገባ ዓይኖቿን ገልጣ ወደ ብርሃኑ ተመለከተች፤ በሠርክ የሚደርሰውን የመብራት ምስጋና ልታደርስ እንደ ፈለገች ታወቀ። ድምፅ ግን አልነበራትም። ምስጋናውን በልቧና በእጆቿ እንቅስቃሴ ፈጸመችው። ጸሎቱ ማለቁን ወንድሟ ያወቀው እጇን ወደ ፊቷ አንሥታ በማማተቧ ነው። ከዚያም ረጅም እስትንፋስ ተነፈሰችና ጸሎቷና ሕይወቷ አብረው ተፈጸሙ።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ይህን ሁሉ በእኅቱ ገድል ውስጥ በዝርዝር ጽፎታል። የንግግር መምህር የነበረ ሰው፣ በሕይወቱ ካያቸው ጸሎቶች ሁሉ የላቀው ያለ ድምፅ ሲጸለይ በአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ ቢጠፋ ሐሳብ አልጠፋም፤ ነገር ግን እጆቿ ባይንቀሳቀሱ ኖሮ እርሱ ምን እንደምትጸልይ ባላወቀም ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የጻፋቸውን መጻሕፍት ከዚህ ምሽት ለይተን ማንበብ ይከብደናል።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ ስለ ሰው አፈጣጠር የጻፈው ነው። ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲያስተምር ስለ ሰው ሊናገር ያሰበውን ሳያሟላ ዐርፎ ነበርና ጎርጎርዮስ የጎደለውን ሞልቶ፣ የትንሣኤ በዓል ስጦታ አድርጎ ለታናሽ ወንድሙ ለጴጥሮስ ላከለት። በዚህ መጽሐፍ የሰው እጅ ለምን እንደ ተፈጠረ ይጠይቃል። እጅ ለሥራ፣ ለጽሕፈት፣ ለጦር መሣሪያ እንደሚያገለግል ያውቃል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ለንግግር ነው ይላል። እንግዳ የሚመስል መልስ ነው። ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳል፦ ሰው እጅ ባይኖረው ምግቡን እንደ እንስሳት በአፉ ከመሬት ሊነጭ ግድ ይሆንበት ነበር። ያን ጊዜ ከንፈሩ ሣር ለመንጨት ወፍራምና ሻካራ፣ ምላሱም ምግብ ለማገላበጥ ከባድ ይሆን ነበር፤ በእንዲህ ያለ አፍ ፊደልን ለይቶ ማሰማት አይቻልም። እጅ የአፍን ሸክም ስለ ተቀበለለት አፍ ለቃል ነጻ ሆነ። ጣት ኖሮን ቃል መናገር መቻላችንን እንዲህ አገናኝቶ ያየ ሊቅ በዘመኑ ብዙ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ልቡና ይገባል። ልቡና ረቂቅ ነው፤ አይታይም፣ አይዳሰስም። የሚያስበውን ወደ ውጭ የሚያወጣበት ዘዴ ባይኖረው ኖሮ ሀብቱ ሁሉ ከእርሱ ጋር ተዘግቶ፣ ከማንም ጋር ሳይካፈለው ይቀር ነበር። ስለዚህ እንደ ባለ በገና ነው፤ ባለ በገናው ዜማውን ያውቃል፣ ያለ አውታር ግን ሊያሰማው አይችልም። አካላችን በገናው ነው። ስለ መቀበልም ሲናገር ልቡናን ብዙ በሮች ባሏት ከተማ ይመስለዋል፤ አንዱ በዓይን በር፣ ሌላው በጆሮ በር ይገባል፤ ዘመዳሞች በተለያየ በር ገብተው በከተማይቱ ውስጥ ይገናኛሉ፣ በአንድ በር የገቡትም ባዕዳን ሆነው ይለያያሉ። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ የጎርጎርዮስ መልስ ግልጽ ነው፦ ሐሳብ ይቀድማል፤ ቃል ሐሳብን ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ልብ ሊያሻግር የተሰጠ ነው።

ይህ መልስ በፈተና ውስጥ የተጣራው በኤውኖሚዮስ ምክንያት ነው። ኤውኖሚዮስም የቀጰዶቅያ አካባቢ ሰው፣ የገበሬ ልጅ ነበር። በአጭር ጽሕፈት ሙያ ሲተዳደር ቆይቶ የአርዮሳውያን ጽንፈኛ ወገን መሪ ለነበረው ለአኤጥዮስ ጸሐፊና ደቀ መዝሙር ሆነ፤ በ360 ዓ.ም. ገደማም የቂዚቆስ ኤጲስ ቆጶስ ተብሎ ተሾመ። ትምህርቱ አጭር ነው። ለእግዚአብሔር የሚገባው እውነተኛ ስም ያልተወለደ የሚለው ነው፤ ይህ ስም ባሕርዩን ራሱን ይገልጣል፤ ወልድ ግን የተወለደ ነው፤ ስለዚህ የወልድ ባሕርይ ከአብ ባሕርይ የተለየ ነው ይል ነበር። ባስልዮስ በሕይወቱ ሳለ መለሰለት። ስሞች ሰው በልቡናው መርምሮ የሚያወጣቸው ናቸው፤ ግሪኮች ኤጲኖያ ይሉታል፤ ያልተወለደ የሚለውም አብ ምክንያት እንደሌለው የምንገልጥበት ነው እንጂ ባሕርዩን አይናገርም ሲል አስረዳ። ኤውኖሚዮስ ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ፣ በባስልዮስ ዕረፍት አካባቢ፣ የመልስ መልስ ጽፎ አወጣ። በዚህ ጊዜ ወደ ሥሩ ወረደ። ሰው በልቡናው ያወጣው ስም ከድምፁ ጋር በአየር የሚበተን ከንቱ ነገር ነው፤ እውነተኞቹን ስሞች ለነገሮች የሰጠ፣ ለሰውም ያስተማረ እግዚአብሔር ነው አለ።

አሳቡ ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። ቋንቋን ከእግዚአብሔር ማድረግ ከሰው ከማድረግ ይልቅ አክብሮት አይደለምን? ወጥመዱም እዚህ ነበር። ስም ከእግዚአብሔር ዘንድ የባሕርይ መግለጫ ሆኖ የወረደ ከሆነ፣ ስሙን የያዘ ባሕርዩን ይዟል፤ አንዲት የግሪክ ቃል የተማረ ሁሉ እግዚአብሔርን ጨርሶ አውቆታል፤ ወልድም በዚያች ቃል ስለማይጠራ ከአምላክነት ይወጣል።

መጽሐፉ ጎርጎርዮስ እጅ የገባው ለዐሥራ ሰባት ቀን ብቻ በውሰት ነበር። በሟች ወንድሙ ላይ የተሰነዘረውን ስድብ እያነበበ በንዴት መልሱን ጻፈ፤ ለጴጥሮስም ቁጣውን ሳይሸሽግ ይህን ገለጠለት፤ ጴጥሮስም መጽሐፉን እንዲያወጣው አደፋፈረው። ቁጣው በመጽሐፉ ውስጥ ይታያል። የኤውኖሚዮስን ዘርና ሙያ፣ የአጻጻፉንም መዋዛት እየነቀሰ የሚሳለቅባቸው ገጾች አሉ፤ እኛ ስናነባቸው ባይኖሩ የምንመርጣቸው ናቸው። ከእነዚያ ገጾች አልፈን ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ግን ስለ ቋንቋ ከጻፉት ከጥንት ሰዎች መካከል ጥቂቶች ብቻ የደረሱበትን ጥልቀት እናገኛለን።

በመጀመሪያ የሚጠይቀው እግዚአብሔር ብርሃን ይሁን ያለ ጊዜ በየትኛው ቋንቋ ተናገረ ብሎ ነው። አየር ሳይኖር፣ ምላስ ሳይኖር፣ የሚሰማ ጆሮ ሳይፈጠር ድምፅ ከየት ይመጣል? አብ ፈቃዱን ለወልድ ለመግለጥ ስምና ግሥ አያስፈልገውም፤ ፈቃዳቸው አንድ ነውና። ሙሴ በእኛ ቋንቋ የጻፈው እኛ እንድንረዳ ነው። ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር እንደሚናገሩ ዳዊት ሲዘምርም (መዝ. 18) ያለ ድምፅና ያለ ቋንቋ መሆኑን አብሮ ይመሰክራል። መላእክትም ሥጋ የሌላቸው ናቸውና እንደ እኛ ባለ ድምፅ አይነጋገሩም። እኛም የልባችንን እንቅስቃሴ ያለ መጋረጃ እርስ በርሳችን ማሳየት ብንችል ኖሮ ቃላት ባላስፈለጉን ነበር። ቃል ያስፈለገን ሐሳባችን በሥጋ የተሸፈነ ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ አምላክ በነቢያት ለምን በሰው ቋንቋ ተናገረ? ጎርጎርዮስ እናትን ያመጣል። አዋቂ ሴት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት በሕፃኑ ኮልታፋ አንደበት ትናገራለች፤ ሌላ ቋንቋ አጥታ ሳይሆን ሕፃኑን ወድዳ ነው። እግዚአብሔርም እንዲሁ ወደ እኛ ንግግር ዝቅ አለ። የስም አውጪነትን ሥልጣን ለሰው የሰጠው እርሱ ራሱ መሆኑን ለማሳየትም ኦሪት ዘፍጥረትን ይጠቅሳል፦ እንስሳቱን ወደ አዳም ያመጣቸው አዳም ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ሊያይ ነው (ዘፍ. 2፥19)። ኤውኖሚዮስ ግን እግዚአብሔርን እንደ ፊደል አስተማሪ አስቀምጦ አዳምን ቃላት ያስቈጥረዋል እያለ ይነቅፈዋል። ሰማይ አንድ ሲሆን ዕብራዊው፣ ሶርያዊው፣ ሮማዊውና ግብፃዊው እያንዳንዳቸው በተለያየ ስም ይጠሩታል፤ ስሙ ከባሕርዩ ጋር የተቈራኘ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የሰው ልቡና የማውጣት ኃይልም ከንቱ አይደለም፤ የቍጥር፣ የምድር ልኬትና የሕክምና ጥበብ ሁሉ የተገኘው በእርሱ ነው። እግዚአብሔር ኃይሉን ሰጠ፤ ቃላቱን ያወጣው ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅዱሱ ቋንቋን ሙሉ በሙሉ ለመነጋገር የሰጠው ይመስላል። በዚያው መጽሐፍ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ በእኛ አስተያየት የመልሱ ጥልቀት ያለው እዚህ ነው። ነገሮች ሁሉ ሁልጊዜ በፊታችን አይገኙም ይላል። አንዳንዱን እናያለን፤ ሌላውን በትዝታ ብቻ ይዘነዋል። በልባችን ያከማቸናቸው ነገሮች በስም ካልተለያዩ ደግሞ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል፤ ትዝታችንም ይታወካል። እንግዲህ ስም ለባልንጀራችን ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ያስፈልገናል፤ ሰው ብቻውን ሲያስብም በስም ይደገፋል። ለእግዚአብሔር ግን ሁሉ በፊቱ ግልጥ ነው፤ የሚረሳው ስለሌለ የሚያስታውስበት ስም አይሻም።

በዚህ ዘንድ ሁለቱ የቋንቋ አገልግሎቶች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ከፍጡርነታችን። ሐሳባችን ለሌላው ስለማይታይ ለመነጋገር ቃል ያሻናል፤ ሐሳባችን ለራሳችንም ስለሚሸሽ ለማሰብ ቃል ያሻናል። በአብነት ትምህርታችን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መባሏን የተማረ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልብ ማድረግና መናገር ሁለት ናቸው፤ ነፍሲቱ ግን አንዲት ናት፤ ሲቈጠሩም ማሰብ ይቀድማል።

በ381 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ጉባኤ ሲሰበሰብ ጎርጎርዮስ ከመቶ ሃምሳው አበው አንዱ ነበር። በዚያ ሰሞን በኤውኖሚዮስ ላይ የጻፈውን ለወዳጁ ለጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙና በከተማው ለነበረው ለላቲኑ ሊቅ ለጀሮም አነበበላቸው። ከጉባኤው በኋላ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ባወጣው ዐዋጅ በጳንጦስ ክፍል የቀናችው ሃይማኖት መለያ ይሆኑ ዘንድ ከተሰየሙት አባቶች አንዱ ሆነ። ሳይወድ በትንሽ ከተማ የተሾመው ሰው ስም አሁን የአንድነት ሚዛን ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዋና ከተማይቱ ተመልሶ ሲሰብክ የሕዝቡን ነገር እያነሣ አዝኗል። ገንዘብ መንዛሪው፣ ዳቦ ሻጩ፣ የመታጠቢያ ቤቱ አገልጋይ ሳይቀሩ ስለ ዋጋ ወይም ስለ ውኃው ሲጠየቁ ስለ መወለድና ስላለመወለድ፣ ስለ አብ መብለጥና ስለ ወልድ ማነስ እንደሚመልሱ ይናገራል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሕዝቡ ነገረ መለኮት ምን ያህል ይወድ እንደ ነበር ለማሳየት ያነሡታል። እኛ እንደሚመስለን ግን ቅዱሱ የሚያዝነው በቅድስናው ሊፈራ የሚገባው ነገር በገበያ እንደ ተራ ወሬ በመነገሩ፣ ሰዎች ያልገባቸውን ቃል እርስ በርሳቸው በመወራወራቸው ነው። ቃል ሲበዛ መግባባት ሊጠፋ እንደሚችል በጎዳና ላይ ያየው ይመስላል።

በኋላ ዘመን ለመምህራን በጻፈው ታላቁ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፉ፣ የሰውን ቃል ለምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። አብ ቃል የሌለው ነው አይባልም፤ ቃልም ያለ እስትንፋስ አይወጣም። ነገር ግን የእኛ ቃል ከአፋችን እንደ ወጣ ይጠፋል፤ የእግዚአብሔር ቃል ግን ሕያው ነው፣ ይኖራል፣ ይሠራል። በሀገራችን ምሥጢረ ሥላሴ ሲተነተን አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ መባሉን ለሰማን ይህ ምሳሌ ባዕድ አይደለም። ኤውኖሚዮስ በአንዲት ስም ወልድን ከአብ ሊለይ ሞከረ፤ ጎርጎርዮስ ቃል ከልብ ሳይለይ ከልብ መውጣቱን አሳይቶ አንድነታቸውን አስተማረ።

በእርጅናው የሙሴን ሕይወት ጻፈ። በዚያ ሙሴ እግዚአብሔርን መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀጥሎ በደመና፣ በመጨረሻም በጨለማ ውስጥ ያገኘዋል። ጨለማው የኃጢአት ጨለማ አይደለም፤ ስምና ሐሳብ ሁሉ የሚቆሙበት ስፍራ ነው። የመጨረሻ ዘመኑ ጸጥ ያለ ነበር። በ394 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስሙ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን አናገኘውም። በዚያ ጊዜ አካባቢ እንዳረፈ ይታመናል።

ኤውኖሚዮስም በስደት ሕይወቱ አለፈ። በ398 ዓ.ም. ንጉሥ አርቃዴዎስ የወገኖቹ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ዐወጀ፤ በባስልዮስ ላይ የጻፈው ያ መጽሐፍም ራሱን ችሎ እኛ ዘመን አልደረሰም። ዛሬ ከእርሱ የምናነበው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ሊመልስለት ብሎ ቃል በቃል የገለበጣቸውን ክፍሎች ብቻ ነው። የጎርጎርዮስ ትምህርት ግን ቋንቋ እየለወጠ ተጓዘ፤ ከጽርእ ተነሥቶ፣ በግብፅ አባቶች እጅ በዐረብኛ ተሰብስቦ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተመልሶ በሃይማኖተ አበው ውስጥ ይነበባል።

የቅዱስ ጎርጎርዮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።